ከሳንጃ ሚዛን እስከ ስልክ ገበያ፦ የሕዝብ ገንዘብ የት ላይ ይዋል?

በተመራቂዎች መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር

ፕሮግራሙን የሚመራው ወንድማችን ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ለማኅበራችን የቀረበው የፕሮጀክት ሐሳብ በእጃችሁ አለ። ባጭሩ፣ ከመንግሥት በጀት፣ ከዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ድርሻና ከእኛ መዋጮ ገንዘብ ተሰባስቦ፣ በሳንጃ፣ በአብርሃጅራና በመተማ ያሉ ሻጮችን ከጎንደር፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ገዥዎች ጋር የሚያገናኝ የኦንላይን ገበያ ይሠራ ነው የሚለው። ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን። እኔ ይደገፍ ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን ገንዘቡ አሁን በተጻፈበት መልክ ከወጣ፣ የምናገኘው አንድ የሚያምር አፕና አንድ የምረቃ ሪባን ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። በጀቱን ገልጣችሁ እዩት። አብዛኛው ለሶፍትዌር፣ ለሥልጠና አበልና ለማስታወቂያ ነው። ሚዛን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም። ገበያ ያለ ሚዛን!

ለምን እኔ እንደምናገር ልንገራችሁ። የሳንጃ ልጅ ነኝ። ከማራኪ ግቢ በ2000 ዓ.ም ተመርቄ መጀመሪያ ቆላ ወርጄ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ የገበያ ክፍል፣ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ለአንድ ላኪ የሰሊጥ ገዥ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሻጭም ከገዥም ወገን ተቀምጬ አይቻለሁ ማለት ነው። ገዥ ሆኜ ከአዲስ አበባ ስደውል የሻጩን ቃል አላምንም ነበር፤ ሻጭ ሆኜ ስልክ ሲመጣልኝ ደግሞ የገዥውን ቃል አላምንም ነበር። እንግዲህ መድረክ ይሠራ የምንለው በእነዚህ ሁለት በማይተማመኑ ሰዎች መካከል ነው።

ከጤና የተመረቃችሁት ሳንጃንና አብርሃጅራን የምታውቋቸው በካላዛር በሽተኞች ካርድ ላይ ይመስለኛል። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ በሽታውን ይዞ ወደ ሆስፒታላችሁ ሲመጣ አድራሻው ላይ የምታነቡት ስም ነው። ያ ወጣት የሚያርመውና የሚያጭደው ደግሞ ሰሊጥ ነው። ከጎንደር በትክል ድንጋይ በኩል ወርዳችሁ የታች አርማጭሆን ከተማ ሳንጃን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቆላ እስከ ሱዳን ድንበር ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ፍየልና ከብት አለ። በመተማና በቋራ በኩል እጣን ይለቀማል። ማር አለ። ሴቶቻችን በርበሬ፣ ከርከዴ፣ የደረቀ ባሚያ ይሸጣሉ። ዞን ሲከፈል ታች አርማጭሆ በማዕከላዊ ጎንደር ቀረ፣ ምዕራብ አርማጭሆና መተማ ወደ ምዕራብ ጎንደር ሄዱ፤ ገበያው ግን አልተከፈለም። የሳንጃ ነጋዴ አብርሃጅራ ይገዛል፣ የአብርሃጅራው ሳንጃ ያራግፋል። የቀረበው ሐሳብ በአንዱ ዞን ንግድ መምሪያ በኩል ብቻ እንዲያልፍ ተደርጎ መጻፉ እንዲያው በመንገድ ላይ ላንሳው፤ የሚስተካከል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሕዝብ ገንዘብ አውጥቶ ሻጭና ገዥን ማገናኘት ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ትልቁን ሙከራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት ሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት ጀመረ። መነሻው የሚረሳ አይደለም። በ1994 ዓ.ም በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬው የለቀማውን ወጪ እንኳ የማይመልስ እህል ማሳ ላይ ተወ፤ በዓመቱ ደግሞ ዝናብ ጠፍቶ ሚሊዮኖች እርዳታ ጠበቁ። አንዱ ቦታ የተረፈው ሌላው ቦታ እንዳይደርስ የሚያደርገው የገበያው አሠራር ነው ተባለ። መንግሥትም የውጭ ለጋሾችም ገንዘብ አወጡ።

መጀመሪያ የታሰበው እህል ነበር፤ በቆሎና ስንዴ። እነሱ ብዙም አልተንቀሳቀሱም። ቡናው በ2001 ዓ.ም በሕግ ተገዶ ገባ፣ ቀጥሎ ሰሊጥና ነጭ ቦሎቄ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 178/2002 መጡ። ይህን የማነሳው ለታሪክ አይደለም። ምርት ገበያውን ቤቱ ያቆመው የውጭ ምንዛሪ የሚያመጣ፣ ከተማ ላይ ትልልቅ ገዥ ያለው ምርት ነው። ያለ ገዥ ብዛት መድረክ ባዶ አዳራሽ ነው።

ታዲያ ምን ሠራ? እኔ ሥራ የጀመርኩት ገበያው በተከፈተበት ዓመት ስለሆነ ከስር ነው ያየሁት። ሦስት ነገር ለወጠ። አንደኛ ክፍያው። ድሮ ነጋዴ ሰሊጥ ጭኖ ይሄድና ገንዘቡ "ነገ ና" እየተባለ ወር ይፈጅ ነበር፤ አንዳንዱም እስከ ዛሬ አልመጣም። በምርት ገበያው የሻጭ ሒሳብ በማግስቱ ገንዘብ ይገባበታል። ገዥውም ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ሳያስቀምጥ አይጫረትም። ሁለተኛው ደረጃው ነው። ሰሊጡ መጋዘን ሲገባ ናሙና ይወሰዳል፣ ይበጠራል፣ ባዕድ ነገሩ ይመዘናል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። የእኛ አገር ነጭ ሰሊጥ "ሁመራ ጎንደር" ተብሎ ከወለጋው ተለይቶ ነው የሚመደበው። እስራኤል ያለ የጣሂና ፋብሪካም ሆነ ቻይና ያለ ዘይት ጨማቂ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ስሙ ራሱ ዋጋ ነው። ሦስተኛ የዋጋ ወሬ። 929 ደውሎ የዕለቱን ዋጋ በራሱ ቋንቋ መስማት ይቻል ነበር። በገበያ ቀን ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ስልኩን ጮክ አድርጎ ከፍቶ ሌሎቹ ከበው ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ደላላው እዚያው ተቀምጦ ፊቱ ሲጠቁር ጭምር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ምርት ገበያው በኮምፒውተር መገበያየት የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ለሰባት ዓመት ያህል ገዥና ሻጭ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ እየጮኹ፣ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ነው የተገበያዩት። መጋዘኑ፣ ሚዛኑ፣ ናሙናው፣ የባንኩ ክፍያ፣ ተጋጭተው ሲመጡ የሚዳኛቸው ክፍል፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ ነበር። ስክሪኑ መጨረሻ ላይ የመጣ ነው። በእጃችን ያለው ሐሳብ ከመጨረሻው ይጀምራል።

እሺ፣ ምርት ገበያው ካለ እኛ ምን አስጨነቀን ትሉኛላችሁ። መልሱ አንድ ቁጥር ነው። አንድ ሎት ሰሊጥ 50 ኩንታል ነው። አባቴ በጥሩ ዓመት አሥራ ሁለት ኩንታል ያገባል፤ በክፉ ዓመት ስድስት። ጎረቤቶቹም እንደዚያው ናቸው። ሃምሳ ኩንታል ያለው የእርሻ ኢንቨስተሩ ነው፤ ወይም ከአባቴና ከጎረቤቶቹ እየለቀመ የሚያጠራቅመው ነጋዴ። ኅብረት ሥራ ማኅበሩና ዩኒየኑ ቢያሰባስቡ ኖሮ መፍትሔ ነበር፤ የመተማ ዩኒየንም ጎንደር ያለው ፀሐይ ዩኒየንም ለዚህ ነው የቆሙት። ችግሩ ማኅበሩ ለመግዛት ጥሬ ብር ይፈልጋል፤ ብሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰሊጡ ተራግፎ ካለቀ በኋላ ነው። በጥቅምት ገበሬው የሳሉግ ደመወዝ ይከፍላል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያስገባል፤ "ኅዳር ላይ እንከፍልሃለን" ብትለው ምን ያደርግልሃል? ነጋዴው በሩ ላይ ሚዛን ተክሎ ቆሟል። የምርት ገበያው ጥቅም ከነጋዴው በላይ ላለው ሰንሰለት ደረሰ፤ በነጋዴውና በገበሬው መካከል ያለችውን አጭር ገመድ ግን አልነካም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና።

አንድ ዓመት በኅዳር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ማሳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ነዶው ተራግፎ አልቋል፣ ጆንያው ተሰፍቷል። እኔም ከተማ እንደመጣ ሰው፣

"ጋሼ፣ ዛሬ ደውለው ዋጋውን ሰምተዋል? ጥሩ ወጥቷል እኮ" አልኳቸው።

"ሰምቻለሁ ልጄ" አሉኝ። "የማንን ሰሊጥ ብዬ ነው የምደሰተው? የእኔውማ በነሐሴ ሄዷል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሊጥ በሐምሌና በነሐሴ ይታረማል። ያኔ ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም፤ ሳሉጉ ግን ምሳውንም ደመወዙንም ይፈልጋል። አረም ካላረምክ ሰሊጥ የለህም። ነጋዴው በነሐሴ ብር ይሰጥሃል፤ በጥቅምት በሰሊጥ ትከፍለዋለህ፤ ዋጋው ግን በነሐሴው ቃል ነው። ያ ዋጋ ከጥቅምቱ ምን ያህል እንደሚያንስ ለማወቅ የሒሳብ ዲግሪ አያስፈልግም። ሽማግሌው በእጃቸው ስልክ አለ፣ ኔትወርክ አለ፣ ዋጋውን ያውቃሉ። የጎደላቸው ወሬ አይደለም። ሰሊጡ የእሳቸው ሆኖ እስከ ገበያው ቀን አለመቆየቱ ነው። በዚህ ሰው ስልክ ላይ ምን ዓይነት አፕ ብትጭኑ ነው የሚጠቅመው?

ነጋዴውን ሰይጣን አላደርገውም። ማንም በማያበድርበት ወር የሚያበድር እሱ ነው፤ ዝናብ ቢጠፋ እሱም አብሮ ይከስራል። ብድሩ ርካሽ ካልሆነ ግን ገበያው ነፃ አይሆንም።

ሕጉስ? ሕጉ አለ፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ አለ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ገበሬው እህሉን ደረጃ ባለው መጋዘን አስገብቶ ደረሰኙን እንደ ዋስትና አስይዞ ይበደራል፤ ዋጋው ሲመቸው ይሸጣል፤ ሐሳቡ ይህ ነው። በኋላም የተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 መጣ፤ ከብትም፣ ሰብልም፣ ደረሰኝም ለብድር መያዣ እንዲሆን በሩን ከፈተ። ከሕግ ትምህርት ቤት ያላችሁ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሕጉ ሳንጃ ያልደረሰው በጥሩ ምክንያት ነው፤ አሥራ ሁለት ኩንታል መዝኖ፣ እርጥበቱን ለክቶ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ወረቀቱን ለባንክ ማድረስ ለባንኩ ወጪው ከወለዱ ይበልጣል። የግል ባለሀብትም ለዚህ አይወርድም። የሕዝብ ገንዘብ መግባት ያለበት እንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ ላይ ነው፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ማንም ብቻውን አይከፍልበትም።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ፤ የሰሊጥ ወሬ ሁልጊዜ እነሱን ይሸፍናቸዋል። አክስቴ በርበሬና ከርከዴ ትሸጣለች። የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለጠፈላት፤ አዲስ አበባ ያለች አንዲት ሴትዮ "እትዬ፣ አምስት ኪሎ ላኪልኝ" ብላ ደወለች። ከዚያ የሆነው ክርክር ለሁለት ቀን ቆየ። ሴትዮዋ ዕቃው ሲደርሰኝ እከፍላለሁ ትላለች። አክስቴ ብሩ ሲገባልኝ እልካለሁ ትላለች። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ አለ፤ ብር መላክ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን ማን ይቅደም? በመጨረሻ ዕቃውን የሚኒባስ ሹፌር ይዞት ሄደ፤ የጭነት ደረሰኝ የለ፣ ቢጠፋ የሚጠየቅ የለ፤ ሹፌሩን የምናውቀው በእናቱ ነው። ደረሰ፣ ተከፈለ፣ ጥሩ ሆነ። ግን ሁለተኛ ሰው አልደወለም። እንዲህ ያለ ንግድ በዘመድ ይጀመራል፣ በዘመድ ያልቃል።

የጎደለው ነገር ስም አለው፤ አደራ ነው። ገዥው ብሩን ለሦስተኛ ወገን ይሰጣል፣ ዕቃው ደርሶ ሲያየው ብሩ ለሻጭ ይለቀቃል። ድሮ ይህን የሚሠራው የታወቀ ሽማግሌ ነበር። ዛሬ በኤሌክትሮኒክ ሊሠራ ይችላል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለመልእክቱም ለፊርማውም ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። መድረኩም ቢሆን ከዜሮ የምንሠራው አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ዘመን ገበያን በ2017 ዓ.ም ከፍቷል፤ እሱ ራሱ የሕዝብ ሀብት ነው፣ ክፍያውም ከቴሌብር ጋር የተያያዘ ነው። እና እኔ የምለው፣ አገሪቱ አንድ ጊዜ የከፈለችበትን ሱቅ እኛ ለምን ሁለተኛ እንገነባዋለን? እዚያው መደብ እንከራይ። ነገ የተሻለ የግል መድረክ ቢመጣ ደግሞ ወደዚያ እንዛወር። እቃውን የመዘነው፣ ያሸገው፣ የመሰከረው ሰው ሳንጃ ላይ ካለ መድረኩ ቢለዋወጥ ግድ አይሰጠንም። ሰው ከሌለ ግን የትኛውም መድረክ አያድነንም።

ስለ ማር ደግሞ አልናገርም፤ ስኳር ያልገባበት መሆኑን በፎቶ ያሳየ ሰው ካለ ይምጣና ያስተምረኝ።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ፤ ህንድ። የህንድ መንግሥት ኢናም የሚባለውን የግብርና ምርቶች ኤሌክትሮኒክ ገበያ ሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ከፈተ። በየከተማው የነበሩትን ነባር የእህል ገበያዎች በአንድ መረብ ማገናኘት ነበር ዓላማው፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ ገበያዎች ገቡበት። መጀመሪያ ላይ ማዕከላዊው መንግሥት ለእያንዳንዱ ገበያ 3 ሚሊዮን ሩፒ ነበር የመደበው፤ በኋላ ወደ 7.5 ሚሊዮን ሩፒ ከፍ አደረገው። ለምን ጨመረ? ማበጠሪያ፣ ደረጃ መለያና ማሸጊያ ስላስፈለገ። ሶፍትዌሩማ በነፃ ነበር የተሰጠው። ይህም ሆኖ ብዙው ግብይት እዚያው በአንዱ ገበያ ቅጥር ውስጥ፣ ዕቃውን በዓይናቸው በሚያዩ ሰዎች መካከል ቀረ፤ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሄደው ጥቂት ነው። ሩቅ ያለ ገዥ ያላየውን እህል በደረጃ ወረቀት ብቻ ለመግዛት ወረቀቱን የጻፈውን ሰው ማመን አለበት። ህንድም፣ ያን ሁሉ የኮምፒውተር ምሁር ይዛ፣ እዚህ ላይ ተቸግራለች።

ከመካከላችሁ "ይህ የንግድ ሥራ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ለምን ይገባበታል? ነጋዴ ይሥራው" የሚል እንዳለ አውቃለሁ፤ ትናንት ማታ እራት ላይ ሰምቼዋለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ይኸው ግቢ ነው። ደምቢያ በወባ ካለቀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም እዚህ ጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መጀመሪያ ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን ነበር። ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው ገጠር ጤና ጣቢያ ላይ እንዲሠሩ ነው የታቀደው፤ እናንተ ቲቲፒ እያላችሁ የምታስታውሱት፣ ዛሬም ያለው የቡድን ልምምድ የዚያ ልጅ ነው። ሕክምና የሚሸጥ የግል ሐኪም በየትኛውም ዘመን ደምቢያ አይወርድም ነበር። መንገዱን የሕዝብ ገንዘብ ከከፈተው በኋላ ግን የግል ክሊኒኩም፣ መድኃኒት ቤቱም ተከተለ። እኔ ለገበያም የምለምነው ይህንኑ ነው። መዛኝ፣ ደረጃ ሰጭና መዝጋቢ፣ ሦስት ሰው በአንድ ቡድን፣ ሳንጃ ላይ።

የሕዝብ ገንዘብ ያለበት ሥራ አደጋም አለው፤ አልሸፍንም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ሰሊጥ የሚሸጠው በጥቅምት ነው። በሰኔ ገንዘብ "እንዳይመለስ" ተብሎ ኮምፒውተር ይገዛል፤ በጥቅምት ለናሙና ቦርሳ ብር የለም። ይህን ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። [ሳቅ] ሌላው፣ ለጋሽ ሲወጣ አብሮ የሚዘጋ ቢሮ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ኩንታል ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይወሰድ እላለሁ። ገበሬው ለሚጠቅመው ነገር ይከፍላል፤ ለወፍጮ ይከፍል የለ?

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ሌላ ነው። በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ነበር። መንገዱም አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። ከድንበር ማዶ ደግሞ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ሱዳን በጦርነት ውስጥ ናት፤ በመተማና በገላባት መካከል የነበረውን ንግድ የሚያውቅ ሰው ምን እንደደረሰበት ያውቃል። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሞት ገበያ ለእኛ አገር አይሆንም። ስለዚህ የምንሠራው ነገር በወረቀት ደረሰኝም፣ በተራ የጽሑፍ መልእክትም፣ በድምፅ ስልክም መሥራት አለበት፤ ኢንተርኔቱ ሲኖር ይፈጥናል፣ ሲጠፋ ይዘገያል፤ አይቆምም። 929 በተራ ስልክ ይሠራ ነበር እኮ። የቀረበው ሐሳብ ግን ዘመናዊ ስልክ ያለው ሰው ብቻ እንዲገባ ሆኖ ነው የተነደፈው። የአክስቴ ስልክ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆይ፣ ቁልፍ ያላት ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር፤ በአክብሮት። የሕዝብ ገንዘብ ወደ ገበያ የሚገባው በድጎማ ብቻ አይደለም፤ በግዥም ይገባል። ይህ ዩኒቨርሲቲ በቴዎድሮስም፣ በማራኪም፣ በፋሲልም፣ በሕክምናውም ግቢ ስንት ሺህ ተማሪ እንደሚያበላ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በርበሬው፣ ዘይቱ፣ እህሉ በጨረታ ነው የሚገዛው፤ ጨረታው ደግሞ ለዓመት ሙሉ በአንድ ጥቅል ስለሚወጣ ዋስትና ማስያዝ የሚችል ትልቅ አቅራቢ ብቻ ነው የሚገባበት። የፌዴራል መንግሥት ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየገባ ነው፤ እንግዲህ እሱም የኦንላይን ገበያ ነው፣ ከሁሉ ትልቁ ገዥ ያለበት። ጥቅሉ በሩብ ዓመትና በምርት ዓይነት ተከፋፍሎ ቢወጣና የቆላ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሰነዱን እንዲሞሉ ተማሪዎቻችን ቢያግዟቸው፣ አንድ ሳንቲም ተጨማሪ በጀት ሳይወጣ ሳንጃ አስተማማኝ ገዥ ታገኛለች። ይህ የእኔ ሐሳብ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስንሰጥ እንዲሻሻል የምጠይቀው ይህ ነው። ለአዲስ ሶፍትዌር የተመደበው ገንዘብ ወደ ሚዛን፣ ወደ እርጥበት መለኪያ፣ ወደ ማበጠሪያና ጣራው ወደማያፈስ አንድ መጋዘን ይዙር። ከተረፈው ላይ ለአረም ወር ብድር የዋስትና ተቀማጭ ይያዝ፤ አበዳሪው ገንዘቡን ከራሱ ያወጣል፣ የእኛ ተቀማጭ ቢጎድል የሚሞላ ብቻ ይሆናል። የቀድሞው አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ ለዚህ ሩቅ አይደለም፤ ገበሬውን በስሙ ያውቀዋል። ሎቱ በአምስት ኩንታል ይጀምር፤ እኛ ምርት ገበያ አይደለንም፣ ሃምሳ እንድንል የሚያስገድደን የለም። ሲጠራቀም ዩኒየኑ አምስቱን አሥር ጊዜ ደምሮ ወደ ትልቁ ገበያ ያስገባዋል።

ከኮምፒውተርና ከኢንፎርማቲክስ ያላችሁ መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ ስታድሉ በአማርኛ በድምፅ የሚመልስ የዋጋና የደረሰኝ መስመር እንዲሠሩ አድርጉ፤ በተራ ስልክ የሚሠራ ይሁን። የግብርና ክፍሎች የደረጃ ሰጭውን ሥልጠና ያዙልን። ደረጃ ሰጭው የሳንጃ ልጅ ባይሆን ይሻላል፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት። እኔም የሳንጃ ልጅ ነኝና ይህን ስናገር ዘመዶቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ፤ ግን አጎትህ ጆንያ ይዞ ሲመጣ ሁለተኛ ደረጃ ብለህ መጻፍ ቀላል አይደለም። ከሕግ ያላችሁ ደግሞ ተጋጭተው ለሚመጡ ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ የሚያልቅ የሽምግልና ደንብ ጻፉልን፤ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ገዥ የሆናችሁ፣ ምግብ ቤት፣ ሆቴል፣ መጋገሪያ ያላችሁ ተመራቂዎች፣ መዋጮ ብቻ አትስጡን፤ ትእዛዝ ስጡን። ውጭ አገር ያላችሁም እንዲሁ፤ ለጣሂና የሚሆን ነጭ ሰሊጥ የሚፈልግ ሱቅ በከተማችሁ ካለ ስሙን ላኩ።

የማሻሻያውን ጽሑፍ በሁለት ገጽ አባዝቼ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ሃያ ፊርማ ካገኘ ከዋናው ሐሳብ ጋር እኩል ለድምፅ ይቀርባል። የዘንድሮው አረም በሐምሌ ይጀምራል። ሚዛኑና መጋዘኑ ለጥቅምት እንዲደርሱ ግዥው ከሰኔ 30 በፊት መፈጸም አለበት፤ የዋስትና ተቀማጩ ደግሞ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ቢደርስ የዘንድሮው ሰሊጥ በነሐሴ ሄዷል ማለት ነው።

ለጥያቄ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል፤ እንካችሁ።